60 ሺህ ሰው በአንድ እሑድ፦ ታላላቅ አደጋዎች እንዴት ይመራሉ?

ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017) እሑድ ማለዳ፣ በጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የቦከንሃይም ምሥራቃዊ ክፍልና አጎራባቾቹ ቬስትኤንድ፣ ኖርድኤንድና ዶርንቡሽ ባዶ እንዲሆኑ ታዘዘ። ከ60 ሺህ የሚበልጡ ነዋሪዎች እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተነገራቸው። ምክንያቱ ከአምስት ቀን በፊት ከጎተ ዩኒቨርሲቲ የቬስትኤንድ ግቢ አጠገብ፣ በቪስማረር ጎዳና በሚገኝ የግንባታ ሥፍራ የተገኘ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ነበር። ጀርመን ከጦርነቱ ወዲህ በቦምብ ምክንያት ይህን ያህል ሕዝብ ከቤቱ አስወጥታ አታውቅም። ከዚያ በፊት ትልቁ በ2016 የገና ዕለት በአውግስቡርግ የተካሄደው ሲሆን፣ የተነሡት ነዋሪዎች 54 ሺህ ነበሩ።

በዚያ ዕለት ቦምቡን በእጃቸው የነኩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ከ1,000 በላይ ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የአምቡላንስ ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች የተሰማሩት፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች ለጥቂት ሰዓታት ያለ ሥጋት እንዲሠሩ ነው። ስለ አደጋ መከላከል ሲነሣ በቴሌቪዥን የሚታየው ውኃ የሚረጭ ሄሊኮፕተር ወይም ከባድ ልብስ የለበሰ ፈንጂ አምካኝ ስለሆነ፣ የሥራው ትልቁ ክፍል ከካሜራ ውጪ ይቀራል። በፍራንክፈርት ግን ያ የማይታየው ክፍል በአንድ ቀን ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታይቷል።

ቦምቡ በእንግሊዝ አየር ኃይል ኤችሲ 4000 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 1.8 ቶን ሲሆን ከዚህ ውስጥ 1.4 ቶኑ ፈንጂ ነው። ቅርፊቱ ስስ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። የዚህ ቦምብ ተግባር በብረት ስብርባሪ መግደል ሳይሆን በፍንዳታ ግፊት የቤቶችን ጣሪያ መንቀልና መስኮቶችን ማርገፍ ነበር። ከዚያም ተከትለው የሚጣሉት ትናንሽ ተቀጣጣይ ቦምቦች በተከፈተው ጣሪያ ገብተው ቤቱን ከውስጥ ያነዱታል። ጀርመኖች «የመኖሪያ ሕንፃ ሰባሪ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ያወጡለት በዚህ የተነሣ ነው። የፍራንክፈርት አሮጌው ከተማ በማርች 1944 የወደመው በእንዲህ ዓይነቱ ድርብ ጥቃት ነው። በየዓመቱ በመላ ጀርመን ከ2,000 ቶን በላይ ያልፈነዳ ተተኳሽ ከመሬት ይወጣል፤ አዲስ ሕንፃ በተጀመረ ቁጥር የቁፋሮ ማሽኖች ከእነዚህ ብረቶች ጋር ይገናኛሉ።

ባለሙያዎቹ ከቦምቡ ዙሪያ 1.5 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክበብ በካርታ ላይ አሰመሩ። ይህ በስፋት ሲሰላ ወደ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ሬዲየሱ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባዶ የሚሆነው ስፋት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ባለ ነበር። ግማሽ ኪሎ ሜትር ጥንቃቄ ሲጨመር ሥራው ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ ምክንያቱም ስፋት የሚያድገው በሬዲየሱ ካሬ ነው። ስለዚህ «ለማንኛውም ትንሽ እናስፋው» የሚለው ውሳኔ በየመቶ ሜትሩ ሺህ ሰዎችን ከቤት ያስወጣል፣ ሆስፒታሎችን ይጨምራል፣ የሚያስፈልጉትን አምቡላንሶች ያበዛል። በዚህ ክበብ ውስጥ ሁለት ሆስፒታሎች፣ በርካታ የአረጋውያን መኖሪያዎች፣ ፓልመንጋርተን የተባለው የዕፀዋት ማዕከልና በቦከንሃይም የሚገኘው የጀርመን ብሔራዊ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወድቀዋል። የዓለም ጋዜጦች በባንኩ ምድር ቤት ስለተከማቸው ወርቅ አብዝተው ጻፉ። አደጋውን የሚመሩትን ሰዎች ያስጨነቃቸው ግን ወርቁ አልነበረም፤ ወርቅ ተሸክመውት ካልሄዱ በስተቀር ካለበት አይነቃነቅም። ያስጨነቃቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ሕፃናት ነበሩ።

አንድን እንዲህ ያለ ሕፃን ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ለማዛወር ማሞቂያ ያለው አልጋ፣ ኦክስጅን፣ ልዩ አምቡላንስ፣ አብሮ የሚሄድ ሐኪምና ነርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዶ አልጋና ተቀባይ ቡድን ያለው ሌላ ሆስፒታል ያስፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ። በመሆኑም ዕቅዱ የተሰላው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው፦ ቦምቡ እሑድ ቀትር ላይ መነካት ካለበት ክበቡ ማለዳ መዘጋት አለበት፤ ክበቡ ማለዳ እንዲዘጋ ታማሚዎች ቅዳሜ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ታማሚዎች ቅዳሜ እንዲንቀሳቀሱ ተቀባይ ሆስፒታሎች ከዚያ በፊት ቦታ መልቀቅ አለባቸው። ቦምቡ የተገኘው ማክሰኞ ሆኖ ሥራው ለእሑድ መቀጠሩ ከዚህ የመጣ ነው። እሑድ መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው፣ የተማሪም ሆነ የሠራተኛ ግርግር የለም። 70 ዓመት ከመሬት በታች የቆየ ቦምብ ካልተነካካ አምስት ቀን ሊጨመርለት ይችላል የሚል የባለሙያ ግምት ነበር። ጊዜን መምረጥ መቻል በአደጋ ሥራ ውስጥ እጅግ ብርቅ ዕድል ነው፤ የከተማዋ የእሳት አደጋ አገልግሎት ኃላፊ ራይንሃርድ ሪስና ባልደረቦቻቸው ይህን ዕድል ሳያባክኑ ተጠቅመውበታል።

ይህን ሁሉ የሚያቀናጀው አካል የዕዝ መምሪያ ይባላል። በጀርመን አወቃቀሩ «የእሳት አደጋ አገልግሎት መመሪያ ቁጥር 100» በሚባለው ሰነድ የተደነገገ ሲሆን፣ ከጦር ሠራዊት የተወረሰ መሆኑ ገና ከስሙ ያስታውቃል። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት የሥራ ዘርፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ የሰው ኃይልን፣ ሌላው ሥምሪትን፣ ሌሎቹ ስንቅና ቁሳቁስን እንዲሁም የሬዲዮ ግንኙነትን ይይዛሉ። ከስድስቱ ለውጭ ሰው እንግዳ የሚመስሉት ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው «ሁኔታ» የሚባለው ዘርፍ ነው። እዚያ የሚቀመጡት ባለሙያዎች ምንም አያዙም፤ ሥራቸው አሁን ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅና በካርታ ላይ ማስፈር ብቻ ነው። የሚያዝ ሰው ያዘዘው የተፈጸመ እየመሰለው ይታለላል፤ ያላዘዘ ሰው ግን ያየውን ይናገራል። ሁለተኛው ለሕዝብና ለመገናኛ ብዙኃን መረጃ የሚሰጠው ዘርፍ ነው። በብዙ አገሮች ይህ ሥራ አደጋው ካለፈ በኋላ መግለጫ ማንበብ ተደርጎ ይቆጠራል። በፍራንክፈርት ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋነኛው ነበር፤ 60 ሺህ ሰው በፖሊስ ኃይል ሊወጣ አይችልም፣ የሚወጣው አምኖ ነው። ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከሌላ አገር በመጡባት ከተማ ደግሞ ማሳመን ማለት በጀርመንኛ መለፈፍ ብቻ አይደለም።

አምኖ ያልወጣም አልጠፋም። ማምከኑ ሊጀመር የታቀደው ቀትር ላይ ቢሆንም ከሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዘግይቷል። ጥቂት ነዋሪዎች ከቤታቸው አንወጣም በማለታቸው ፖሊሶች ደጅ እያንኳኩ ሲዞሩ፣ የሰውነት ሙቀት የሚለይ ካሜራ የተጫነበት ሄሊኮፕተርም ከላይ ሲያስስ ቆየ። እምቢ ያሉትን ፖሊስ በግዴታ ሊያወጣ ተነሣ። ከ60 ሺህ ሰዎች መካከል ጥቂት እምቢተኞች ሁሉንም እኩል አስጠበቁ፤ በመሴ የንግድ ትርኢት አዳራሽና በያርሁንደርትሀለ የተጠለሉትን አረጋውያን ጭምር። አንድ ሰው እንኳ በክበቡ ውስጥ እንዳለ እየታወቀ ማቀጣጠያውን መንካት አይቻልምና ሌላ አማራጭ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ተራው የሁለቱ ባለሙያዎች ሆነ። ማቀጣጠያው የቦምቡ ልብ ነው፤ እርሱ ከወጣ 1.4 ቶኑ ፈንጂ በአንጻራዊነት የተኛ ዕቃ ይሆናል። ለዚህ የተዘጋጀው መሣሪያ «የሮኬት መፍቻ» ይባላል። ማቀጣጠያው ላይ የሚታሰር ብረት ሲሆን፣ በሁለት ጫፎቹ ያሉት ትናንሽ ተተኳሾች ከሩቅ ሲተኮሱ መፍቻውን በፍጥነት አሽከርክረው ማቀጣጠያውን ይነቅሉታል። እርሱ ባይሠራ በከፍተኛ ግፊት የሚወረወር ውኃ ቆርጦ እንዲያወጣው ታቅዶ ነበር። ምሽት ላይ ሥራው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ነዋሪዎችም ተመለሱ።

የዚህ ዓይነቱ አመራር ትልቁ ትምህርት ቤት ግን ቦምብ ሳይሆን የሰደድ እሳት ነው። በ1970 መጸው በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በ13 ቀናት ውስጥ የተነሡ እሳቶች 16 ሰዎችን ገደሉ፣ 700 ያህል ሕንፃዎችን አወደሙ። በግምገማው የታየው የሰው ወይም የመኪና እጥረት ብቻ አልነበረም። ከየከተማው የመጡት ቡድኖች ሬዲዮአቸው አይገናኝም፤ አንዱ «ታንከር» ሲል አውሮፕላን፣ ሌላው ውኃ ጫኝ መኪና ማለቱ ነበር፤ ማን ማንን እንደሚያዝም አይታወቅም ነበር። ከዚያ የተወለደው የአደጋ ዕዝ ሥርዓት ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ዋናው ሕጉ ለማንኛውም የድርጅት ሥራ መሪ የሚያስደንቅ አይደለም፦ እያንዳንዱ ሰው አንድ አለቃ ብቻ ይኖረዋል፤ አንድ አለቃም በቀጥታ የሚያዝዘው ከሦስት እስከ ሰባት ሰው፣ ቢቻል አምስት ብቻ ነው። በጭስ ውስጥ፣ በሬዲዮ ጩኸት መካከል፣ እንቅልፍ ያላየ ሰው ከዚያ በላይ ሊያስታውስ እንደማይችል በብዙ ዋጋ የታወቀ ነገር ነው።

ኢትዮጵያም ይህን በራሷ ተራሮች ላይ አይታዋለች። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት ወር ጀምሮ በባሌና በቦረና ደኖች ለሳምንታት የነደደው እሳት ከ100 ሺህ ሔክታር በላይ በላ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ። ደቦን የሚያውቅ ሕዝብ እጅ አላጣም። የጎደለው እሳቱ ነገ የት እንደሚደርስ አይቶ ያንን ሁሉ እጅ ዛሬ እዚያ የሚያሰልፍ ዕዝ ነበር። በፍራይቡርግ ጀርመን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእሳት መከታተያ ማዕከል ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር ለእርዳታ ሲመጣ ካመጣው ውስጥ ትልቁ ነገር ይኸው የአሠራር ዕውቀት ነው። በመጨረሻ እሳቱን ለማጥፋት ትልቁን ድርሻ የያዘው የበልጉ ዝናብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዋልያና ጭላዳ በሚኖሩበት ገደል ላይ አስታውና ጓሳው ሲነድም ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥቷል። ያ እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ተነሥቷል። ለሠለጠነ የሰደድ እሳት ቡድን ነበልባሉ የጠፋበት ሰዓት የሥራው አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ በእጅ ጀርባ መሬቱን እየዳሰሱ፣ ሥሩንና ጉቶውን እየቆፈሩ ረመጥ መፈለግ ይከተላል። አሰልቺ፣ ፎቶግራፍ የማያምር፣ ቀናት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ደስታው የበረደለት ሰልፈኛ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም በዚሁ ሰዓት ነው።

ከሥልጠናው ሁሉ ግን ሕይወትን በቀጥታ የሚነካው ሌላ ነው። በ1991 ፖል ግሌሰን የተባለ አሜሪካዊ የእሳት አደጋ ባለሙያ ለሰደድ እሳት ተፋላሚዎች አራት ነገሮችን ብቻ አስቀመጠ፦ እሳቱን ከሩቅ የሚያይ ታዛቢ፣ ከታዛቢው ጋር የማይቋረጥ ግንኙነት፣ የታወቀ የማምለጫ መንገድ፣ በመንገዱ ጫፍም እሳት የማይደርስበት ሥፍራ። አራቱ ሳይሟሉ ማንም ወደ ሥራ አይገባም። የአደጋ ዕዝ ሥርዓቱም ለዚሁ ሲባል የደኅንነት ኃላፊ የሚባል ሰው ይሾማል፤ ይህ ሰው አደገኛ ሁኔታ ባየ ጊዜ ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ማስቆም ይችላል።

ይህ የወረቀት ሕግ የሚመስለው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ላላሰበ ሰው ነው። እሑድ ምሽት ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ጎረቤቶችን ቀበረ። ሰኞ ጠዋት የአካባቢው ሕዝብ በእጁና በአካፋ ጭቃውን እየቆፈረ ወገኖቹን ሲፈልግ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከሞቱት ከ220 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ። የሮጡት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፤ የጎረቤቱን ጩኸት ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። የጎደለው ከቁፋሮው ወጣ ብሎ፣ ጀርባውን ለጭቃው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ከተራራው ላይ ሳይነቅል የሚቆም አንድ ሰው ነው፤ ፊሽካ የያዘ፣ ሲነፋም ሁሉም በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሮጥ አስቀድሞ የተነገረለት። አንዴ የተናደ፣ ውኃ የጠገበ ቁልቁለት ድጋፉ ስለሚነሣ ለሁለተኛ ናዳ የተጋለጠ ነው። ለዚህ ሄሊኮፕተርም ሳተላይትም አያስፈልግም። በየቀበሌው ሊሰጥ የሚችል የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው፤ ውድ ከሆኑት መሣሪያዎች ሁሉ በፊት መምጣት ያለበትም እርሱ ነው።

ባለጸጋዋ ጀርመንም ብትሆን ከዚህ ሕግ ውጪ አይደለችም። ጁን 1 ቀን 2010 በጎቲንገን አንድ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቦምብ ለማምከን ዝግጅት እየተደረገ ሳለ፣ ሥራው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ፈንድቶ ሦስት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችን ገድሏል። ማቀጣጠያው ኬሚካላዊ ነበር። በውስጡ ያለው ብልቃጥ ሲሰበር የሚፈስሰው አሴቶን፣ የመምቻውን መርፌ አስሮ የያዘውን የሴሉሎይድ ቁራጭ ቀስ በቀስ እያሟሟ ከሰዓታት በኋላ እንዲለቀው ተደርጎ የተሠራ ነው። ቦምቡ በተገላቢጦሽ ከተቀበረ ፈሳሹ በሙሉ ኃይሉ አይደርስም፤ ሴሉሎይዱ ግን ለአሥርት ዓመታት እየደረቀና እየተሰባበረ ይሄዳል። ያረጀ ቦምብ የደከመ ቦምብ ማለት አይደለም።

በጁላይ 2021 የአህር ሸለቆ ጎርፍ ደግሞ ሰው ያልጎደለው፣ መሣሪያ ያልጎደለው፣ ውሳኔ የዘገየበት አደጋ ነበር። በዚያ ሸለቆ ብቻ ከ130 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአካባቢው አስተዳደር የአደጋ ጊዜ አዋጁን ያወጀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ በላይኛው ሸለቆ ያሉ መንደሮች በውኃ ውስጥ ነበሩ። በዚንጺግ ከተማ በአንድ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ 12 ሰዎች ሌሊት ላይ በምድር ቤቱ ወለል ሰጠሙ። ውኃው ከላይኛው መንደር እስከዚያ የደረሰው ሰዓታት ወስዶ ነው። በፍራንክፈርት የተደረገውን የኋሊት ስሌት፣ ማለትም መራመድ የማይችሉትን አስቀድሞ የማንቀሳቀሱን ሥራ፣ ለመጀመር የሚበቃ ጊዜ ነበር። ጀርመን በየአካባቢው በሚገኝ ስልክ ሁሉ ላይ ያለ ምንም መተግበሪያ ማስጠንቀቂያ የሚያደርሰውን ሥርዓት በ2023 ሥራ ላይ ያዋለችው ከዚህ ጎርፍ በኋላ ነው።

በፍራንክፈርት ከዚያ እሑድ ወዲህም ቦምቦች መገኘታቸው አልቆመም። በሜይ 2021 በኖርድኤንድ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቦምብ ተገኘ፤ ቡርገር ሆስፒታልም ዳግም በአደጋ ክበብ ውስጥ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ግን አምስት ቀን መጠበቅ አልተቻለም፤ ባለሙያዎቹ አይተው ሊመክን እንደማይችል በየኑ። 25 ሺህ ያህል ሰዎች በዚያው ዕለት ምሽት ከቤታቸው ወጡ፣ የጭነት መኪናዎች ተከታትለው አሸዋ እያመጡ በቦምቡ ላይ ከመሩበት፣ እኩለ ሌሊት ገደማም በቁጥጥር ሥር ሆኖ እንዲፈነዳ ተደረገ። ከተማው ፍንዳታውን ሰማ፤ የተጎዳ ሰው ግን አልነበረም።